አሥራ ሰባት ቁጥር

አጎትየው አምስተኛው ፎቅ ላይ ደርሶ፣ እንደ ሁልጊዜው የደረጃውን ብረት ይዞ ትንፋሹን ሊሰበስብ ቆሟል። የሥራ አስኪያጁ በር ከደረጃው አፍ ሦስት እርምጃ አይርቅም፤ ገርበብ ብሏል። «ጋሼን እስከ መቼ ነው የምንፈልጋቸው?» የሚለው የሥራ አስኪያጁ ድምፅ ነው። «ዛሬ ከሰዓት ያልቃል» ብላ የመለሰችው ደግሞ የገዛ እህቱ ልጅ ናት። «ከዚያ በኋላ አያስፈልጉም።» ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የእሱ ጆሮ ግን ያን ጠዋት ባዳነቱን ትቶ ቃሉን አንድ በአንድ አቀበለው። የሚያድሩት አንድ ቤት ነው። ከአንድ ሰዓት በፊት አንድ ጠረጴዛ ላይ ሻይ ጠጥተዋል፤ አንድ አውቶቡስ ተጋፍተው ተሳፍረዋል፤ ምድር ቤት ሲደርሱ እሷ እንደ ልማዷ ወደ ሊፍቱ፣ እሱ እንደ ልማዱ ወደ ደረጃው ሄዱ። ይህን ለማለት የበቃት ጊዜ እሱ አምስት ፎቅ በእግሩ የወጣበት ጊዜ ነው። ቤት ውስጥ «አንተ» ነው የምትለው፤ ካልሲው ሲቀደድ የምትስቅበት፣ መነጽሩን ሲያጣ ከግንባሩ ላይ አንስታ የምትሰጠው ልጅ ናት። አሁን በአንቱታ «አያስፈልጉም» ስትል፣ እንደማታውቀው ሰው ሬሳ በክብር ተሸክማ ከቤት ያስወጣችው መሰለው።

አልገባም። አልተጣራም። ጉሮሮውን እንኳ አልጠረገም። በመተላለፊያው ጫፍ ወዳለው ክፍሉ ሄዶ፣ ቁልፉን ሁለት ጊዜ አዙሮ ከፍቶ ገባና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ክፍሉ መስኮት የለውም። ግድግዳውን ተከትለው በሦስት ረድፍ የተደረደሩ ሠላሳ አንድ ኮምፒዩተሮች ቀን ከሌት ያጉረመርማሉ፤ እያንዳንዳቸው ግንባራቸው ላይ በእሱ የእጅ ጽሑፍ ቁጥር ተለጥፎባቸዋል። ድርጅቱ የደንበኞችን ማሽን የሚያንቀሳቅስ ፕሮግራም ይሠራል፤ ለነዳጅ ማደያ ቆጣሪ፣ ለሚዛን፣ ለውሃ ፓምፕ፣ ለሊፍት። ፕሮግራም ጸሐፊዎቹ ሰው በሚያነበው መንገድ የጻፉትን፣ ማሽን ወደሚገባው ነገር የሚለውጠው ኮምፓይለር የሚባል ሌላ ፕሮግራም ነው። ችግሩ የደንበኞቹ ማሽኖች የአንድ ዘመን ልጆች አለመሆናቸው ነው። የአሥር ዓመቱ ሚዛን የሚስማማው ኮምፓይለር ለዘንድሮው ፓምፕ አይሆንም፤ ባልሆነው ከተገነባ ወይ ጭራሽ አይነሳም፣ ወይ ደግሞ የባሰው፣ ተነሥቶ እየሠራ ይሳሳታል። ስለዚህ የትኛውም ኮምፒዩተር አይጣልም፤ የትኛው ኮምፒዩተር ላይ የትኛው ኮምፓይለር እንዳለ፣ ማን እንደጫነው፣ በማን ትእዛዝ እንደ ተጫነና ምን ዓመል እንዳለበት የሚያውቀው አጎትየው ብቻ ነው። «ጋሼ፣ ፓምፑን የት ነው የምገነባው?» ይሉታል በሩ ላይ ቆመው። «ዘጠኝ ቁጥር። አሮጌውን ነው፤ አዲሱን እንዳትነካብኝ» ይላል ቀና ሳይል። በቃሉ ያልያዘው ነገር ካለ አረንጓዴ ሽፋን ያለው መዝገቡ ላይ አለ።

የእህቱ ልጅ ላለፉት አራት ወራት የምትሠራው ይህን ሁሉ ማንንም ሳይጠይቅ የሚያውቅ ሥርዓት ነው። ፕሮግራም ሊገነባ ሲል ኮምፒዩተሮቹን በሚያገናኘው መስመር ራሱ ገብቶ፣ ሠላሳ አንዱንም ኮምፒዩተር በርብሮ፣ የተጫኑትን ኮምፓይለሮች አግኝቶ፣ ለሥራው የሚስማማውን መርጦ ይገነባል። አጎትየው ይህን አልጠላም። እንዲያውም ሥራ በአንድ ሰው ጭንቅላት ላይ መንጠልጠል እንደሌለበት፣ ሰው እንደሚታመም፣ እንደሚሞት፣ ከማንም በፊት የነገራት እሱ ነው። ሥራ አስኪያጁም ሥርዓቱ ሲያልቅ ወደ ንብረት ክፍል አዛውረዋለሁ፣ ጡረታው እስኪደርስ የቀሩትን ሁለት ዓመታት እዚያ ይጨርሳል ብሎ ነበር። ደሙን ያፈላው የሥራው ማለቅ አይደለም። በእነዚህ አራት ወራት ልጅቷ ማታ ማታ ሳሎን ተቀምጣ ስትሠራ፣ እሱ ከጎኗ ተቀምጦ ራዲዮ ሲያዳምጥ፣ አንድ ቀን ቀና ብላ «ጋሼ፣ ስለ እነዚህ ኮምፒዩተሮች ማወቅ ያለብኝ ነገር አለ?» አላለችውም። ትጠይቀኛለች ብሎ ነው የጠበቀው። ሳይጠየቅ መናገር ደግሞ ዓመሉ አይደለም።

ሦስት ሰዓት ላይ በሩን ሳታንኳኳ ገባች።

«ጋሼ፣ መዝገቡን ታውሰኛለህ? የእኔው ያገኘውን ካንተው ጋር ላመሳክር ፈልጌ ነው።»

«ውሰጂ።»

«አሞሃል እንዴ? ፊትህ ልክ አይደለም።»

«ደረጃው ነው።»

«አንተና ደረጃህ!» ብላ ሳቀች። መዝገቡን ብብቷ ሥር ሸጉጣ ልትወጣ ስትል ቆም አለች። አሁን ትጠይቀኛለች አለ በልቡ። እሷ ግን «ምሳውን ዛሬ ለየብቻ እንብላ፤ ስምንት ሰዓት ላይ ለሥራ አስኪያጁ ስለማሳይ ጊዜ የለኝም» ብላ ወጣች። ጠዋት የሰማውን እንደሰማ አታውቅም፤ ድምፅዋ ውስጥም እንደ በደለኛ የሚያስቆጥራት ነገር የለም። እሱን ያናደደውም ይኸው ነው። ክፉ ብትሆን ይቀለው ነበር።

መዝገቡ ሲሄድ ከእሱ ጋር የሄደው የአሥራ ሰባት ቁጥር ኮምፒዩተር ገጽ ነው። የዛሬ ስድስት ዓመት ድርጅቱ ለሊፍት አስመጪ ፕሮግራም ሊያስረክብ ተዋዋለ። ሊፍቱ ከመንቀሳቀሱ በፊት በሩ መዘጋቱን ሁለት ጊዜ እንዲያረጋግጥ ተደርጎ ተጽፎ ነበር፤ የመጀመሪያው ጥያቄ ቢሳሳት ሁለተኛው እንዲይዘው። አሮጌው ኮምፓይለር ግን ጉድለት አለበት፤ ያንኑ ጥያቄ ለሁለተኛ ጊዜ ሲያገኝ ትርፍ ነገር መስሎት ይዘለዋል። ይህ ስለ ታወቀ ውሉ ላይ በአዲሱ ኮምፓይለር ይገንባ ተብሎ ተጻፈ። አዲሱ የሚያወጣው ፕሮግራም ደግሞ ተለቅ ስለሚል፣ ፕሮግራሙ በሚጫንበት የሊፍቱ ሰሌዳ ላይ አልገባ አለ። የማስረከቢያው ቀን ደርሷል። ሥራ አስኪያጁ አጎትየውን ጠርቶ፣ አሮጌውን በአዲሱ ስም አስቀምጥ፣ የአስመጪው ተቆጣጣሪዎች የሚያዩት ስሙን ብቻ ነው አለው። አጎትየው አደጋውን ተናገረ፤ አልተሰማም። እንዲህ ከሆነ ይፈርሙልኝ ብሎ መዝገቡን ዘረጋ፤ ሥራ አስኪያጁ ቸኩሎ ነበርና ፈረመ። ከዚያ አሮጌው በአዲሱ ስም አሥራ ሰባት ቁጥር ላይ ተቀመጠ። ሊፍቶቹ የት የት እንደ ተተከሉ ገጹ ግርጌ ላይ ተዘርዝሯል። አጎትየው ያን ግርጌ ማንበብ አይወድም።

እህቱ ምሳ የምትቋጥርላቸው ባለ ሁለት ድርብ ሳህን ላይ ነው። ሁልጊዜ ሁለቱንም ከፍተው፣ ከዚህም ከዚያም እየተሻሙ፣ እሷ ሥጋውን እየለቀመች እሱ «ላንቺ ብቻ የተሠራ አደረግሽው!» እያለ ነው የሚበሉት። ዛሬ የላይኛውን ድርብ ለእሷ ልኮ የታችኛውን ለብቻው ከፈተው። ሩዙ ከሥር ተጣብቋል። ሁለት ጊዜ ጎረሰና ማንኪያውን አስቀመጠ። የጽዳት ሠራተኛዋ ባልዲዋን በእግሯ እየገፋች ገባች። በዚህ ሕንፃ ውስጥ «ጋሼ ደረጃ» የሚለውን ስም ያወጣችለት እሷ ናት፤ ከጥበቃው እስከ ፕሮግራም ጸሐፊዎቹ አሁን ሁሉም ይጠሩበታል።

«ጋሼ ደረጃ፣ ዛሬ ለብቻህ? ባለሥልጣኗስ?»

«ሥራ በዝቶባታል።»

«ሹመት እንዲህ ነው። የእኔው ልጅ የክፍል አለቃ የሆነ ዕለት ቤት መጥቶ የሚረብሹ ብሎ መጀመሪያ የጻፈው የእኔን ስም ነው።» ሳይስቅ ሲቀር ገረማት። «ሰምተሃል? ታች ሻይ ጨመሩ። ስኳሩን ቀንሰው ዋጋውን ጨመሩት። ልተወው ብዬ ነበር፤ ግን በቀን ሃያ ጊዜ ስወጣ ስወርድ ሻይ ካልጠጣሁ በምን ልቆም? ሊፍቱ ባይኖር ኖሮማ እኔ ይኼኔ በሁለት ምርኩዝ ነኝ።» መወልወያዋን ጨምቃ፣ በዘጠኝና በአሥር ቁጥር መካከል ያለውን ወለል አብሳ ወጣች። አጎትየው ሩዙን ከደነው።

ስምንት ሰዓት ላይ የስብሰባው ክፍል ተጠራ። ረጅሙ ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ሥራ አስኪያጁ ተቀምጧል፤ ሁለት ፕሮግራም ጸሐፊዎች ከመስኮቱ በኩል፣ አጎትየው በሩ አጠገብ። የእህቱ ልጅ ቆማ ግድግዳው ላይ በሚያበራው ስክሪን አሳየች። ሥርዓቱ ሥራ ሲጀምር የሠላሳ አንዱ ቁጥሮች ተዘረዘሩ፤ አንድ በአንድ አረንጓዴ እየሆኑ ወረዱ። «ስሙን ብቻ አያምንም» አለች። «ያገኘውን ኮምፓይለር አንድ ትንሽ ፈተና ይሰጠዋል። የተገነባውን ሠርቶ ያየዋል። መልሱ ልክ ከሆነ ብቻ ነው የሚመዘግበው።» አጎትየው ይህን አያውቅም ነበር። እሱ በእሷ ቦታ ቢሆን የሚያደርገው ልክ ይህንኑ ነው፤ ቁጣው መሀል ኩራት መጣበት፤ መምጣቱም ሌላ ቁጣ ሆነበት። አሥራ አምስት አረንጓዴ። አሥራ ስድስት አረንጓዴ። አሥራ ሰባት ቀይ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«አዲሱ ነኝ ይላል፤ ፈተናውን የሚሠራው ግን እንደ አሮጌው ነው። ሁለት ጊዜ ጠይቅ የተባለውን አንዴ ብቻ ይጠይቃል።» ፊቷን ወደ ስክሪኑ እንዳዞረች ነው። «በስህተት የሚሆን አይደለም። ሰው ነው ስሙን የቀየረው።»

አጎትየው የሥራ አስኪያጁን ፊት ትክ ብሎ አየው። መጀመሪያ እውነትም ረስቶ ነበር፤ ይህ ግልጽ ነው፤ ቅንድቡን ሰብስቦ እንደ ማንም ሰው ተገርሟል። ከዚያ ትዝ አለው። ትዝ ሲለው ዓይኑ ለአፍታ ወደ ጠረጴዛው ወረደ፤ ሲመለስ ወስኖ ነው የተመለሰው።

«አባቴ» አለ ወደ አጎትየው ዞሮ፣ «የዚያ ክፍል ቁልፍ በእርስዎ እጅ ነው ያለው። ከእርስዎ በቀር የሚነካው የለም። የሊፍት ፕሮግራም የሚገነባበት ኮምፒዩተር ነው እኮ! ሰው የሚያልቅበት ነገር ነው። ዕድሜዎን አከብራለሁ፤ ግን ይህን አይቼ ዝም ብል እኔም እጠየቃለሁ። በጥፋት ነው የማሰናብትዎት፤ ሌላ ምርጫ የለኝም።»

በጥፋት። በጥፋት የተሰናበተ ሰው ንብረት ክፍል አይገባም፤ የቀሩትን ሁለት ዓመታት አይቆጥርም፤ ከዚህ በር ሲወጣ ስሙ ከኋላው እንደ ቆሸሸ ጨርቅ ይወረወራል። አጎትየው ፊቱን አዞረ። ያየው የእህቱን ልጅ ነው። መዝገቡ ፊቷ ነው ያለው፣ ጠረጴዛው ላይ፤ ለማመሳከር ጊዜ አጥታ እስካሁን አልገለጠችውም። መልሱ እዚያ እንዳለ እሷም ሳይገባት አልቀረም፣ ሽፋኑን ገልጣ ገጾቹን ቶሎ ቶሎ አገላበጠችና አንዱ ላይ ቆመች። ጣቷ መስመሩን ተከትሎ ወረደ። ፊርማው ጋ ደረሰ፤ አለፈ። እስከ ግርጌው ወርዶ እዚያ ቆመ። ከዚያ መዝገቡን ዘጋችው። ዘግታ ሁለት እጇን ሽፋኑ ላይ ጫነች።

«ላጣራው» አለች። «ትንሽ ጊዜ ስጡኝ።»

አጎትየው ተነሣ። ወንበሩ ወደ ኋላ ወደቀ፤ አላነሣውም። ጠረጴዛውን ዞሮ መዝገቡን ከእጇ ሥር መንጭቆ ወሰደና ገጹን ሳይፈልግ አገኘው። ስድስት ዓመት ሙሉ ጮክ ብሎ ተናግሮ በማያውቅበት ክፍል ውስጥ፣ ለመስማት እንደሚቸገር ሰው እየጮኸ አነበበ። «በሥራ አስኪያጁ ትእዛዝ፣ አዲሱ ኮምፓይለር ያወጣው ፕሮግራም በሊፍቱ ሰሌዳ ላይ አልበቃ ስላለ፣ አሮጌው በአዲሱ ስም ተቀምጧል። አደጋውን ተናግሬአለሁ። ፊርማ!» መዝገቡን ገልብጦ ከሥራ አስኪያጁ አፍንጫ ሥር አስቀመጠው። «የማን ነው ይኼ ፊርማ? አንብበው! ባለ ዕድሜው ነው የፈረመው ወይስ አንተ?»

ሁለቱ ፕሮግራም ጸሐፊዎች ጫማቸውን ያያሉ። ሥራ አስኪያጁ ፊርማውን አየው፤ እጁ አገጩን ያዘ። ሲናገር ድምፁ ዝቅ ብሏል። «ያኔ ባናስረክብ ኖሮ ይህ ቤት ይዘጋ ነበር። እናንተም እዚህ አትቀመጡም ነበር። ስድስት ዓመት ሆነው፤ አንድ ሰው ላይ ምን ደረሰ? ንገሩኝ፤ ምን ደረሰ?» እጁን ወደ መዝገቡ ሰደደ። «በሉ፣ ይህ የድርጅቱ ንብረት ነው። እዚህ ይቀመጥ። ነገ እንነጋገራለን።» የቀደመችው የእህቱ ልጅ ናት። መዝገቡን አንሥታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ ዚፑን እስከ ጫፍ ዘጋች፤ «መልሱልን» የሚለውን ድምፅ ከኋላዋ ትታ ወጣች። አጎትየውም ተከተላት። ነገ ወደዚህ ፎቅ ቢወጣ የሚቀመጥበት ወንበር እንደማይኖር ገብቶታል፤ የእሷም እንደዚያው።

ሊፍቱ ፊት ለፊት ቆማ አገኛት። ቁልፉን አልተጫነችም።

«ለምን አልነገርከኝም?» አለች።

ይህን ጥያቄ ከጠዋት ጀምሮ ሲጠብቀው ነበር፤ መልሱን እያንዳንዱ ደረጃ ላይ፣ እያንዳንዱ ጉርሻ ላይ ሲስለው ነው የዋለው። «ሠላሳ አንዱን ኮምፒዩተር አንድ በአንድ ጠየቅሽ» አላት። «ስሙን አላመንሽም፤ ሠርቶ ያሳየኝ አልሽ። እኔ ካንቺ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ነው የምበላው። አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ጠየቅሽኝ? እስከ ዛሬ ከሰዓት ነው የሚያስፈልጉት አልሽ እንጂ!»

ፊቷ ተለወጠ። መስማቱን አሁን ነው ያወቀችው። አጎትየው ታለቅሳለች፣ ይቅርታ ትለኛለች ብሎ ጠበቀ፤ ለዚያ የሚሰጠውን ዝምታ ሳይቀር አዘጋጅቷል። እሷ ግን ቦርሳዋን ከፍታ መዝገቡን አወጣች፤ ገጹን ገልጣ ወደ እሱ አዞረችው። ጣቷ ከፊርማው በታች፣ ግርጌው ላይ ነው። የሕንፃዎች ዝርዝር። አራተኛው መስመር ላይ፣ በገዛ የእጅ ጽሑፉ፣ «ይህ ሕንፃ» ይላል።

«እሱን ፈርቼ የዘጋሁት መሰለህ?» አለች። ድምፅዋ አልጮኸም፤ ቢጮኽ ይሻለው ነበር። «ይህቺን ሳነብ ነው እጄ የከዳኝ። አልጠየቅሁህም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። አንተስ? እዚህ ከተቀጠርሁ ጀምሮ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በየጠዋቱ፣ እዚህ ውስጥ ስገባ ታች ቆመህ ታየኝ አልነበር? እጅህን ታወዛውዝልኝ አልነበር? ከዚያ አንተ በደረጃ ትወጣለህ።»

አጎትየው መልስ ፈለገ። ከብዙ ሺህ አንዴ ቢደርስ ነው ሊላት ፈለገ። እስከ ዛሬ አልደረሰም፣ ሁለት ዓመት ነው የቀረኝ፣ ብናገር ማን ይሰማኝ ነበር ሊላት ፈለገ። እናቱ ዝም አይነቅዝም ትል ነበር፤ ዕድሜውን በሙሉ በዚህች ቃል ነው የኖረው። ከጠዋት ጀምሮ ሲሞርደው የዋለው ስለት እጁ ውስጥ ዞሮ ወደ ራሱ ያይ ጀመር።

ከመተላለፊያው ጫፍ የጽዳት ሠራተኛዋ ባልዲዋን አንጠልጥላ መጣች። በመካከላቸው አልፋ ቁልፉን ተጫነች። «ምነው፣ የቤተሰብ ጉባኤ ነው? ቤታችሁ አትጣሉም?» አለች። ሊፍቱ ደርሶ ደወለ። በሩ ተከፈተ። አንድ እግሯን ስታነሣ አጎትየው ክንዷን ያዘ፤ ባልዲው ተናግቶ ውሃው ወለሉ ላይ ፈሰሰ።

«አትግቢ!»

«ውይ፣ ምን ነካህ! እኔንም እንደ ራስህ ደረጃ ልታደርገኝ ነው?» ሳቀች።

«ደህና አይደለም።»

«ተበላሸ? ከመቼ ጀምሮ?»

ወደ እህቱ ልጅ ዞሮ አየ። መዝገቡን ደረቷ ላይ አቅፋ እሷም መልሱን ትጠብቃለች። አልረዳችውም።

«ስድስት ዓመት ሊሆነው ነው» አለ።

የጽዳት ሠራተኛዋ ሳቅ ፊቷ ላይ ቀረ፤ ባለቤቱ እንደ ወጣ ቤት። ባልዲውን ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠች። የተከፈተውን ሊፍት፣ በየቀኑ የምታብሰውን መስተዋቱን፣ ከዚያም የአጎትየውን ጫማ፣ በደረጃ ብዛት ያለቀውን ተረከዙን አየች።

«እና ለእኔ ዛሬ ነው የሚነገረኝ?» አለች።

በሩ ሊዘጋ መጣ። አጎትየው እግሩን ከመካከሉ አስገባ። በሩ ጫማውን መታና ተከፈተ፤ እንደገና መጣ፤ እንደገና መታው። ሥራ አስኪያጁ በመተላለፊያው እየተጣራ ሲመጣ ሰማ። እግሩን አላነሣም።